ለእንግዳ እግር የወጣ ውሃ

«አባትህ እግሬን አጠቡኝ» አለኝ አንድ የሰፈራችን ሰው፣ አሶሳ ገበያ ላይ የቧንቧ መገጣጠሚያ ስመርጥ አግኝቶኝ። ወሎ ያሉ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ሄዶ፣ እግረ መንገዱን አባቴ የመነኮሰበትን ገዳም ተሳልሞ መመለሱ ነበር። በዚያ ገዳም የመጣ እንግዳ ሁሉ፣ ሀብታምም ይሁን ለማኝ፣ ገና ከበሩ ሳያልፍ ቁጭ ተደርጎ እግሩ ይታጠባል። የሚያጥበው ሳምንቱ የደረሰው መነኩሴ፣ ሰሞነኛው ነው። ሰሞነኛው ጎንበስ ብሎ ያጥባል እንጂ ከየት መጣህ፣ የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቅም፤ ቀና ብሎም የሰው ፊት አያይም። ሰውየው ይህን ሁሉ በአድናቆት ካወራልኝ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቀና ቢሉም አያውቁኝም ነበር፤ ሞራው ዓይናቸውን ሸፍኖታል» አለኝ። «ሳፋውን እንኳ በዳበሳ ነው የሚፈልጉት።»

እኔ ስናደድ ብረት ማጥበቅ ይቀናኛል። የምሠራው ውሃ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ከአሶሳ እስከ ሸርቆሌ የስደተኞች ጣቢያ ድረስ ያሉ ፓምፖች ሲታመሙ የምጠራው እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሸርቆሌ ላይ አንድ ጤነኛ ብሎን እስኪላጥ አጠበቅሁት። የዓይን ሞራ እኮ ሐኪም እጅ ከገባ ወዲያው የሚገፈፍ ነገር ነው። በወሩ መጨረሻ ደግሞ የዓይን ሐኪሞች አሶሳ ድረስ መጥተው በነጻ ሊያክሙ ነው ተብሎ በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ ሰንብቷል። በሰዓት የሚነሳ ነገር ተሸክሞ መታወር ጽድቅ ነው ያለው ማነው እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ዋልኩ። ሲመሽ ቆርጬ ነበር፤ ሄጄ አባቴን አመጣዋለሁ።

አባቴ አሶሳ የመጣው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ነው። ከወሎ ጭነው አምጥተው ቀርከሃ ጫካ ውስጥ ካራገፏቸው ሰፋሪዎች አንዱ ነበር። እህል ያበቅል የነበረ ሰው፣ የትኛው አፈር ምን እንደሚወድ በማያውቅበት አገር ባዶ እጁን ቆመ። ያኔ ነው ሐጂ የመጡት። ሐጂ የበርታ ገበሬ ናቸው፤ መሬታቸው ከሰፈራው ጋር ይዋሰናል። ሐጂ የምንላቸው ሐጅ ስላደረጉ አይደለም፤ ስለሚያምርባቸው ነው። በተጠሩ ቁጥር «እኔ መካ አልሄደም» ብለው ያርማሉ፤ እኛም በታረምን ቁጥር ያንኑ እንላቸዋለን። ከሰፈራው በሬ የደረሰው አባቴ፣ አፈሩን የሚያውቁት ሐጂ ሆኑና እየተጋገዙ ያርሱ ጀመር።

እኛ ክርስቲያን፣ እሳቸው እስላም ስለሆኑ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም ነበር። በዚህ የተቀየመም አልነበረም። እናቴ ግን ግድግዳው ላይ አንድ አረንጓዴ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ሰቅላ ነበር፤ የሐጂ ነው፣ ማንም አይነካውም። የቀትር ሶላታቸው ሲደርስ አባቴ ሞፈሩን ትቶ ማንቆርቆሪያውን ያመጣል። እሱ ያፈሳል፣ ሐጂ ይታጠባሉ፤ መጨረሻ ላይ እግራቸውን፣ ቀኙን አስቀድመው፣ በጣቶቻቸው መካከል ትንሿን ጣታቸውን እያስገቡ። አባቴ ዕድሜ ልኩን ሲያፈስ ኖሮ ሥርዓቱን ከእሳቸው እኩል ያውቀው ነበር።

ማታ ማታ ደግሞ የአባቴን እግር የማጥበው እኔ ነበርኩ። ውሃችን ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ እናቴ ጀሪካን አዝላ ዳገቱን ስትወጣ ወገቧ እጥፍ ብሎ አስታውሳለሁ። እኔ እንደ ልጅ ቸኩዬ ጆጉን ገልበጥ ሳደርገው አባቴ እጄን ይዞ «ቀስ በል ልጄ፤ እናትህ ናት የተሸከመችው» ይለኛል። አንድም ማታ ሳይላት አልቀረም። የውሃ ሠራተኛ የሆንኩት በዚያች ቃል ይመስለኛል። ታዲያ እኔ ስንት መንደር ቧንቧ ዘርግቼ፣ እናቴ ቧንቧው እኛ ሰፈር ሳይደርስ ሞተች፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

አርባዋ እንደ ወጣ አባቴ በሬዎቹን ለሐጂ ሰጠና ወሎ ሄዶ፣ በልጅነቱ ከሥሩ ከብት ይጠብቅበት ከነበረው አምባ ላይ ገዳም ገባ። አመክሮውን ጨርሶ ቆብ ሲጭን እንደ ወጉ ፍትሐት ተደረገለት። መነኩሴ በቁሙ የሞተ ነውና በሕይወት ሳለ ይፈታል። ወሬው በስልክ ሲደርሰኝ አባትና እናቴን በላይ በላዩ የቀበርኩ መሰለኝ፤ አዘንኩ፣ ተቀየምኩትም።

የሰማሁትን ሁሉ ማታውን ለሐጂ ብነግራቸውም፣ ብቻዬን ሄጄ ቶሎ ልመለስ ነበር ያሰብኩት። ሐጂን ግን በማለዳ ደጃፌ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ በአንድ እጃቸው የቀርከሃ ምርኩዝ፣ በሌላው የማንጎ ቅርጫት። መንገዱ ሩቅ ነው አልኳቸው። ገደሉን ለመውጣት ጉልበት ይፈልጋል አልኳቸው። በመጨረሻም፣ ድፍረት እንዳይሆንብኝ እየተሽኮረመምኩ፣ የክርስቲያን ገዳም መሆኑን አነሳሁ።

«እንግዳ ሁሉ ይቀበላል አላልክም?» አሉኝ። «እኔ እንግዳ ነው።»

የየብሱ መንገድ ያን ሰሞን ስላላስተማመነ እስከ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄድን። ሐጂ ቀርከሃው ከሥራችን ሲሸሽ አይተው ቢስሚላህ አሉና፣ ከዚያ በኋላ የሚያስጨንቃቸው ማንጎው እንዳይፈርጥ ብቻ ሆነ። የደሴው አውቶቡስ ላይ ማንጎው በሰለና ሽታው መኪናውን ሞላው። ተሳፋሪው ዞር ዞር ማለት ሲጀምር ሐጂ ይሰጣሉ፣ እኔ እቆጣለሁ፤ ደሴ ስንደርስ ቅርጫቱ ተጋምሶ ነበር። ወሎ የአባቴ አገር ነው፤ እንግዳ የሆንኩበት ግን እኔ ነኝ። እሳቸው ከመስጊድ ሲወጡ ሦስት ሽማግሌ አጅቧቸው፣ በሁለተኛ ቋንቋቸው እየቀለዱ፣ ወዴት እንደምንሄድ ነግረው፣ እስከ አምባው ሥር የሚያደርስ መኪና አስይዘው ነበር።

ከአምባው ሥር ምንጭ አለች። ከዚያ በላይ ገደል ነው፤ መንገዱ በአለቱ ላይ እንደ ተጠለፈ ክር እየተጠማዘዘ ይወጣል። አንድ መነኩሴ ጀሪካን በጠፍር አዝለው ዳዊት እየደገሙ አልፈውን ወጡ። ዕድሜያቸው ከሐጂ አይተናነስም። ሥራዬ ነውና ሽቅብ ሳይ ከፍታውን ገምቼ፣ ምን ዓይነት ፓምፕ እንደሚገፋው በሆዴ አስልቼ ነበር፤ እሳቸው ሲያልፉን ስሌቴን ተውኩት። ሐጂ በየጥጉ እያረፉ፣ አንዴም ሳይማረሩ ወጡ።

በሩ ላይ የድንጋይ መደብ አለ። ማንነታችንን የጠየቀን የለም፤ ተቀመጡ ተባልን። ከግንቡ ጀርባ አንድ ቆብ የደፋ መነኩሴ ሳፋና ጆግ ይዞ ወጣ። ከስቷል፤ ትከሻው ጠቧል፤ አረማመዱ ግን የአራሽ ነው። አባቴ ነበር፤ ሳምንቱ ዳግም ደርሶት ኖሯል። አባዬ ብል ሥርዓት ማፍረስ እንዳይሆንብኝ ፈራሁ።

ታላቅ ይቅደም ተብሎ በሐጂ ጀመረ። ተንበርክኮ እግራቸውን በእጁ ፈልጎ አገኘ። መጀመሪያ ግራውን ነበር የያዘው። በጣቶቹ ዳሰሰውና ለቀቀው፤ ቀኙን አነሳ። ቀስ ብሎ አፈሰሰ፤ ትንሿን ጣቱን በሐጂ ጣቶች መካከል አንድ በአንድ እያስገባ አጠበ፤ ደገመ፣ ሠለሰ። ከዚያ ወደ ግራው ሄደ። መነኩሴ በገዳም በር ላይ፣ በእስላም ሥርዓት እግር ሲያጥብ የማይ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሐጂ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

የእኔ ተራ ደረሰ። ወዳጁን በእግሩ ካወቀ እኔን ይስተኛል? እኔ ግን እንደማንኛውም እንግዳ ነው የታጠብኩት፤ ጥቂት ውሃ፣ ፈጠን ያለ እጅ፣ ፎጣ። ሲያልቅ ግንባሩን እግሬ ላይ አስነክቶ ተነሳ፤ ለሁሉም የሚያደርገው ነው። ሳፋውን ይዞ ሄደ። ጓደኛ ከልጅ በለጠ ማለት ነው አልኩ በሆዴ፤ እውነቱን ለመናገር አንጀቴ አረረ።

አበምኔቱ፣ የገዳሙ አለቃ፣ ቀጠን ያሉ ሳቂታ ሽማግሌ ናቸው። ሐጂ «አንተ» ሲሏቸው እኔ ስሸማቀቅ፣ እሳቸው ጭራሽ ደስ አላቸው። የተረፈውን ማንጎ ለማኅበሩ ሁሉ እንዲዳረስ ቁራጭ በቁራጭ አስከፋፈሉት፤ ዋሻ ዘግተው ለሚጸልዩት ሳይቀር ድርሻቸው ተላከ። ለእኛ ደግሞ ዳቤ፣ የገዳሙን ወፍራም ዳቦ፣ በትኩሱ አቀረቡልን። ከዚያ ራሳቸው ይዘውን ዞሩ። ሐጂ ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ካለ ዋርካ ሥር ተቀመጡ፤ እኔ ገባሁ።

የእጁን ሥራ የሚያውቅ ሰው የሌላውን እጅ ሲያይ ይገባዋል። ግራኝ ሳይመጣ በፊት የተሠራ ነው የሚሉት ቤት ነው፤ በመጥረቢያ የተጠረቡት የበር ሳንቃዎች ላይ የስለቱ ምት አንድ በአንድ ይታያል። ደፉ በስንት ዘመን ተሳላሚ መሐሉ እንደ ሳሕን ጎድጉዷል። ከሁሉም ያቆመኝ ግን ከጀርባ ያለው የውሃ ጉድጓድ ነው። ዝናቡን ከጣሪያና ከአለቱ ሰብስቦ እንዲይዝ፣ ቦዩ ሳይቀር፣ በመሮ ከቋጥኝ ተፈልፍሏል። ጎንበስ ብዬ ግድግዳውን ዳሰስኩት፤ ስንጥቅ የለውም። እኛ አምና ያስመረቅነው የሲሚንቶ ገንዳ ዘንድሮ ያፈሳል። ወሩ ግንቦት ስለነበር ውሃው ወለሉ ላይ ደርሷል። ዝናብ እስኪጥል መነኮሳቱ የሚጠጡትንም የሚያበስሉበትንም ከታች ምንጭ በጀርባቸው ያወጣሉ። እነሱ ፊታቸውን የሚያብሱት በእርጥብ ጨርቅ ነው። የተረፈው ለእንግዳ እግር ነው። በዚያ ከፍታ እንዲህ ያለ የውሃ አጠቃቀም ብክነት ነው ብዬ ሪፖርት የምጽፍ ሰው ነኝ፤ እዚያ ቆሜ ግን ከዚያ የተሻለ የውሃ ሥራ አይቼ እንደማላውቅ ተሰማኝ።

ለአበምኔቱ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ስለ ዓይኑ የማያውቁ መስሎኝ ትንሽ ተቆጣሁም። በእርጋታ ሰሙኝ። ማኅበሩ በተራ ወደ ከተማ ሐኪም ይልካል፣ የአባቴ ተራ ደርሶ ሁልጊዜ ለሌላ ያሳልፈዋል አሉኝ። መጽሐፍ የሚያነቡት ይቅደሙ፣ እግር በእጅ ይታያል ይላል። ሳልወድ በግዴ ኮራሁበት፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። እንዲህ ከሆነ እዘዙልኝና ይምጣ አልኳቸው።

ያኔ ነው ሌላኛውን ሥርዓት የነገሩኝ። እንግዳ ሲወጣ በሩ ላይ «ምን ጎደለ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ በማኅበሩ እጅ ያለ ነገር ከሆነ የጠየቀው አይከለከልም። ብዙ ሰው ጠበል ወይም ጸሎት ይጠይቃል። የመነኩሴ የሥጋ ዘመድ ግን አይጠየቅም፤ ዘመድ የሚፈልገው መነኩሴውን ራሱን ነውና። አበምኔቱ ይህን ሲሉ እኔ ግን ወደ ዋርካው እያየሁ ነበር። ሐጂ የአባቴ ዘመድ አይደሉም። ሐጂ ከጠየቁ ማኅበሩ ያዛል፤ አባቴም ለትእዛዝ የማለ ሰው ነው፣ ይመጣል።

እራት ላይ ሐጂን አስጠናኋቸው። ዓይኑ ታክሞ እስኪድን ከእኛ ጋር ይምጣ በሉ፣ ይህችን ብቻ። እሺ አሉ። ደግሜ ስነግራቸው እሺ አሉ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ፤ አሶሳ ሆስፒታል በር ላይ አባቴን እጁን ይዤ ስገባ ይታየኝ ነበር።

ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ በሩ ላይ ተሰበሰቡ። አባቴ የመንገድ ዳቤ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጆጉን አጠገቡ አድርጎ፣ ዓይኖቹን መሬት ላይ ተክሎ ቆሟል። አበምኔቱ ወደ ሐጂ ዞረው ምን ጎደለ፣ ምን እንስጥዎ ብለው ጠየቁ። ሐጂ ምርኩዛቸው ላይ ተደገፉ። እኔ በዓይኔ እየገፋኋቸው ነው።

«ይሄ ሰውዬ ቁጭ ይበል» አሉ። «ልጁ እግሩን ያጥበው። ሌላ የለም።»

ደሜ ፈላ። ማታ ሁሉን እሺ፣ እሺ ሲሉኝ ነበር፤ ለካ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። አንዲት ዕድል ነበረችን፣ እሷንም ለእግር ውሃ ሰጧት። አባቴም ደንግጦ እንቢ አለ፤ እዚህ የምናጥብ እንጂ የምንታጠብ የለንም ብሎ ተከራከረ። አበምኔቱ የጠየቀው እንግዳ ነው ብቻ አሉት። አባቴ መደቡን በእጁ ዳብሶ ተቀመጠ።

ተንበረከክሁ። ጫማ የማያውቅ እግር ሆኗል፤ ተረከዙ እንደ ደረቀ ኩሬ ተሰነጣጥቋል። ጣቶቹን ግን አውቃቸዋለሁ። እንደ ልጅነቴ ቸኮልኩና፣ በሊትር ሒሳብ የምተዳደረው ሰውዬ፣ ጆጉን ገልብጬ ግማሹን በአንድ ጊዜ አፈሰስኩት። የአባቴ እጅ በዳበሳ መጥታ አንጓዬን ያዘች፤ ጆጉን ቀና አደረገችው።

«ቀስ በል ልጄ» አለኝ። «እናትህ ናት የተሸከመችው።»

ካለ በኋላ ነው ያለውን የሰማው። እጁ አንጓዬ ላይ ቀረች። ከቆሙት መነኮሳት አንዳንዶቹ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ፤ አበምኔቱ መቁጠሪያቸውን ያያሉ። እኔ አለቀስኩ፤ እዚያው ሳፋው ላይ፣ እንደ ልጅ። አባቴ አልከለከለኝም። በቀረው ውሃ ሁለተኛውን እግሩን ቀስ ብዬ አጠብኩ፤ አንዲት ጠብታ አላባከንኩም። ሲያልቅ ግንባሬን እግሩ ላይ አስነካሁ። እሱም ጭንቅላቴ ላይ እጁን ጭኖ በከንፈሩ አንድ ነገር አለ፤ አልሰማሁትም። ከዚያ ተነስቶ ባዶውን ጆግ አነሳ።

ስንወርድ ከሐጂ ጋር ተጣላሁ። ዓይኑስ አልኳቸው። ለምን እንደዚያ አደረጉ አልኳቸው። ገደሉ ላይ ስለነበርን እግራቸውን እያዩ መለሱልኝ።

«እሱ ሳይፈልግ ብወስደው ዓይን ይመጣል፤ እሱ አይመጣም።» ትንሽ ወረዱና ቆሙ። «ትናንት ያንተን እግር ሲያጥብ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አላየህም? አንተ ውሃውን ነው ያየህ።»

ምንጯ ጋ ስንደርስ የገዳሙ ጀሪካኖች ተደርድረው ነበር። ሐጂን ጥላ ሥር አስቀመጥኳቸውና አንዱን ሞላሁ። ስንት ጀሪካን በመኪና ጭኛለሁ፤ በጀርባዬ ተሸክሜ ግን አላውቅም ነበር። ጠፍሩ ትከሻዬን ሲቆርጠኝ፣ ውሃው ከኋላዬ ሲንቧቋ፣ ገደሉን እንደገና ወጣሁ። በየጥጉ እናቴ ትዝ አለችኝ፤ እጥፍ ያለው ወገቧ።

በሩ ላይ ሌሎች እንግዶች መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። አባቴ ሳፋውን ይዞ ተንበርክኳል። ጀሪካኑን አጠገቡ አወረድኩለት። በእጁ ዳስሶ ሙሉ መሆኑን አወቀ። ሰሞነኛ አይጠይቅምና ማን እንደተሸከመው አልጠየቀም። ክዳኑን ከፍቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ለሚቀጥለው እንግዳ ቀዳ።